በእሱ ኪይ

ማክሰኞ ዕለት አዳማ ላይ ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አሾልኮ ጉሮሮዬን ሲያይ ቆየና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። በሁለቱ የድምፅ ጅማቶቼ ላይ፣ ትይዩ ለትይዩ፣ ትንንሽ ነጭ እብጠት ወጥቷል። ዶማ ይዞ የሚውል ሰው መዳፉ እንደሚጠጥረው የእኔም ጅማት ጠጥሯል። «ስድስት ሳምንት አንድ ቃል አትተነፍሺም። ማንሾካሾክ ራሱ ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ እናያለን» አለኝ።

«ከዘፈንኩስ?» አልኩት።

«ምንም ላትሆኚ ትችያለሽ። ድምፅሽ ጭራሽ ላይመለስም ይችላል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አልሞክረውም» አለ።

እሑድ ሰመራ ላይ ሠርግ ነበረብን።

እኛ የምለው እኔንና የዘፈን ጓደኛዬን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአዋሽ እስከ ሰመራ፣ ሲፈለግም ድሬዳዋ ድረስ፣ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ የሚዘፍኑትን ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን ስንዘፍን ኖረናል። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ የጥቁር አሜሪካውያንን የሶል ዘፈን አስቦ «የበረሃው ሶል» ብሎ ጠራን፤ ጓደኛዬ ቃሉ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ወደደውና በየመድረኩ ይናገረው ጀመር። ሰው ባልና ሚስት እንመስለዋለን። ሠርግ ቤት በገባን ቁጥር «የእናንተስ ልጆች ስንት ደረሱ?» የሚለን አይጠፋም። እሱ ኮምቦልቻ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። እኔ አንዴ አግብቼ ፈትቻለሁ። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ነገር ከትዳር የባሰ ነበር፤ ከትዳርስ ሰው ይወጣል።

እኔ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ዘፈን የተማርኩት በጆሮዬ ነው፤ ኖታ የሚባል ነገር ዛሬም አላውቅም። እሱ ከወሎ መጥተው ሎጊያ ላይ ምግብ ቤት የከፈቱ ሰዎች ልጅ ሲሆን በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። ስንገናኝ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ያኔ «ጋሼ» ብዬ ጠራሁት፣ እንደዚያው ቀረ። ስማችንን ያስጠራውን የመጀመሪያ ዘፈን ስንቀዳ ስቱዲዮው ውስጥ የነበረው ሰው «ለእሷ ከፍታው አልራቀባትም?» ብሎ ጠየቀው። ጋሼ «የዘፈኑ ኪይ ይሄ ነው» ብሎ መለሰ፤ ኪይ ማለት ዘፈኑ የሚቆምበት የድምፅ ከፍታ ነው። እኔም አመንኩ። ሰው ከነደም ዓይነቱ እንደሚወለድ ዘፈንም ከነኪዩ የሚወለድ መስሎኝ ነበር። ጅል ነበርኩ ብዬ ራሴን አልሰድብም፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከአዋሽ ተነሣን። መኪናው የኪቦርድ ተጫዋቻችን ነው፤ ራሱ ይነዳል፣ ኪቦርዱም ከኋላ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይተኛል። ሌላ ሙዚቀኛ የለንም። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ በደብተር ጻፍኩላቸው። ጋሼ ሳቀ። «ወላሂ፣ ዛሬ ገና ሰላም አገኘሁ» አለና አዋሽ አርባን ሳናልፍ የጀመረውን ወሬ እስከ ገዋኔ ብቻውን አወራው። ስለ አዲሱ አልበም፣ ስለ ጅቡቲ ግብዣ። በየመሐሉ «እኔና አንቺ» ይላል። የፈራሁት ለጅማቴ ብቻ አልነበረም። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፤ ብቻዬን መድረክ ላይ ቆሜም አላውቅም። ሰው የሚያውቀኝ እሱ ሲጠራ «አቤት» የምትለዋ ሴት ሆኜ ነው። ስድስት ሳምንት ዝም ካልኩ ሌላ «አቤት» የምትል ሴት እንደማያጣ አውቅ ነበር።

ሚሌ ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም ፈራ ተባ እያልኩ የሐኪሙን ወረቀት ሰጠሁት። በአንድ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ የእውነት ነበር፤ ይህን አልክድበትም። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

«እህቴ፣ የነገን ብቻ ተወጪልኝ። ከዚያ ኢንሻአላህ ስድስት ወርም ቢሆን ዕረፊ። የሰው ሠርግ ነው። ሙሽራዋ የመጀመሪያዋን ዘፈናችንን ብላ ነው የጠራችን።»

ደብተሬን አውጥቼ «ታዲያ ዝቅ አድርገን እንዝፈነው» ብዬ ጻፍኩ። የሚቻል ስለመሆኑ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ጨንቆኝ ነው የጻፍኩት።

«እሱ አይነካም።»

«ለምን?»

«ዝቅ ካለ ዘፈን አይደለማ። ሕዝቡ የሚጠብቃት ቦታ አለች፤ አንቺም ታውቂያታለሽ።»

አውቃታለሁ። አዝማቹ ሊያልቅ ሲል ጋሼ ድምፁን ሽቅብ ይወስደውና ጫፍ ላይ ሲደርስ ያለቅሳል። ሰው ያፏጫል፣ ይነሣል፣ ስልኩን ያወጣል። እኔ ሴት ነኝና እዚያች ቦታ ላይ ከእሱም በላይ መውጣት አለብኝ። እሱ የቻለበት ጫፍ ለእኔ የጉሮሮ መቅደጃ ነው። ከዚያ ከፍታ ስወርድ የደም ጣዕም አፌ ላይ የቀረባቸው ቀኖች አሉ፤ ውሃ ጠጥቼ ወደሚቀጥለው ዘፈን አልፋለሁ።

ለምሳ ሎጊያ፣ ቤተሰቦቹ ምግብ ቤት ገባን። እዚያ አልፎ አልፎ ሠርግ ላይ መዝፈን የጀመረች፣ በተረፈው ጊዜ ደግሞ ደንበኛ የምታስተናግድ አንዲት ልጅ አለች፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። እንዳየችኝ ሮጣ መጥታ እጄን በሁለት እጆቿ ያዘች። «እትዬ፣ በእርስዎ ዘፈን ነው ያደግሁት» አለችኝ። ልመልስላት አልቻልኩም፤ ጉሮሮዬን አሳይቼ ፈገግ አልኩላት። ጋሼ እየጎረሰ፣ እኔን ሳያየኝ፣ «የአንቺን ክፍል አንድ ቃል ሳትስት ታውቀዋለች እኮ» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ልጅቱንም በዚያች ሰዓት ጠላኋት፤ ምንም ሳታደርገኝ።

እሑድ ጠዋት ሰመራ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ ገመዱን ሲሰካካ ጋሼ ከሙሽራው ወንድሞች ጋር ውጭ ቆሞ ነበር። ደብተሬን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጬ «ዘፈኑን ለእኔ እንዲመቸኝ ዝቅ ማድረግ ይቻላል? ከባድ ነው?» ብዬ ጻፍኩ።

ልጁ አንብቦ ሳቀ። «ይችን መጫን ነው፤ ኪዩን ታወርደዋለች» አለና አንዲት ትንሽ ቁልፍ በጣቱ አሳየኝ። «አራቴ ብትጫኛት ለአንቺ ይበቃሻል።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። ከጋሼ ጋር የተስማማችሁበት መስሎኝ ነበር።»

አንጀቴ አረረ። አሥራ ሁለት ዓመት እንቁላል በማር ስጠጣ፣ አንገቴን በሻሽ ስጠቀልል፣ ድምፄ ሰነፍ ነው ብዬ ራሴን ስረግም የኖርኩት ከጣት ጥፍር ለማትበልጥ ቁልፍ ነው። ማልቀስ ፈለግሁ፤ ማልቀስም ጉሮሮ ይጎዳል ተብያለሁ።

ሠርጉ ከሰዓት በኋላ ደመቀ። ጋሼ የራሱን ሁለት ዘፈኖች ብቻውን ከዘፈነ በኋላ ማይኩን ይዞ ሙሽራዋን ሊመርቅ ወረደ። የሚቀጥለው የእኛው ዘፈን ነው። ልጁን አስደርጌ ከጋሼ ጋር እንዳላጣላው ብዬ በራሴ ጣት ተጫንኩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ልጁ ጣቴን አየ፣ እኔን አየ፣ መግቢያውን ሊመታ እጁን ዘረጋ።

መግቢያው ሲመታ ጋሼ ዞሮ አየኝ። ማይኩን የያዘው እጁ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ማስቆም ይችል ነበር፤ ግን የሰው ሠርግ ነው፣ ሙሽሮቹ ተነሥተዋል። የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመረ። ታች ታች ያለው ድምፁ አለቀበት፤ ቃሉን ከመዝፈን ይልቅ ይናገረው ነበር። ተራዬ ደረሰ። ሴቲቱ «የት ከረምክ?» ብላ የምትጠይቅበት ቦታ ነው። አፌን ስከፍት የታመመው ጉሮሮዬ ሳይቧጠጥ ድምፁ ወጣ። ሻካራ ነው፣ ግን ወፍራምና የተረጋጋ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ፈርቼ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያቺ ቦታ መጣች። ጋሼ ሽቅብ ወጣ፤ ግን ጫፉ አሁን ተራ ቦታ ሆኗል፣ ማንም ወንድ ሊደርስበት የሚችል። የሚያለቅስበት ነገር አጣ። እኔ ከላዩ ላይ ይዤ ጨረስኩት።

ሰዉ እንደ ሁልጊዜው አፏጨ። ተነሣ። ስልኩን አወጣ። አንድም ሰው ልዩነቱን አላወቀም። ለዚያች ከፍ ያለች ድምፅ ብዬ ጉሮሮዬን የገበርኩላቸው ሰዎች ሁሉ መኖሯንም አላስተዋሉም ማለት ነው። ጋሼን ያቆሰለው ምናልባት ከእኔ ጣት ይልቅ ይሄ ይመስለኛል። ፊቱን አይቼ አዘንኩለት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም።

ስንመለስ እስከ ሎጊያ አልተናገረኝም። እዚያ ሲወርድ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «በይ ዕረፊ» አለኝ። ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አዋሽ እናቴ ቤት ገብቼ ዝም አልኩ። ጎረቤት ሲመጣ እናቴ በእኔ ፈንታ ትመልሳለች፤ ያላልኩትንም ጨምራ። በሦስተኛው ሳምንት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ባለባጃጁ በስልኩ ዘፈናችንን ከፈተ። የሆነ ሰው ሠርግ ላይ ቀርጾ የለቀቀው ነው። ጋሼ ጫፉ ላይ ወጥቶ ያለቅሳል። ከእሱ በላይ ያቺ የሎጊያ ልጅ አለች። ኪዩ ተመልሷል። ቅናት ይይዘኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የያዘኝ ግን ፍርሃት ነው። የመጨረሻዋን ድምፅ ስትይዝ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ሰማሁ። ያቺን ስንጥቅ አውቃታለሁ፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ነበረችኝ።

የልጅቱን ስልክ ቁጥር ከኪቦርድ ተጫዋቹ ተቀብዬ በጽሑፍ ላክሁላት። ቁልፏን፣ አራት ጊዜ መጫኑን፣ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ጻፍኩ። «እሺ እትዬ፣ አመሰግናለሁ» ብላ መለሰች። ከሁለት ቀን በኋላ የኪቦርዱ ልጅ ደወለልኝ፤ እኔ እሰማለሁ፣ እሱ ያወራል። መልእክቱን ለጋሼ አሳይታዋለች። ጋሼ «ቦታዋ ስለተወሰደ ነው፤ አትፍረጂባት» ብሏታል። ልጅቱም አምናዋለች። እኔስ በእሷ ዕድሜ ማንን ነበር ያመንኩት?

ድምፄን ካልሰማች አታምንም። እናቴ ገበያ ወጥታ ሳለ ማድ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ደወልኩላት።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለች። ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል።

ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ሦስት ሳምንት የተዘጋ ድምፅ ተፍቆ ወጣ፤ እኔም አላወቅሁት።

«የእሷን ድምፅ አውቀዋለሁ። እባክሽ ሥራ ላይ ነኝ፣ አትቀልጂብኝ» አለች።

ልትዘጋው ነው። የሐኪሙ ፊት መጣብኝ፤ ስድስት ሳምንት ብሎኛል፣ ገና ግማሹ ነው። ሌላ ማሳመኛ ግን አልነበረኝም። ግድግዳውን ተደግፌ «የት ከረምክ?» የሚለውን የሴቲቱን ጥያቄ ዘፈንኩላት፣ በቀስታ፣ ሰመራ ላይ ባገኘሁት ዝቅ ባለው ቦታ። መሐል ላይ ድምፄ ተቆረጠ። አልሸፈንኩትም፤ እንድትሰማው ተውኩት፣ ከዚያ ካቆመበት ቀጠልኩ።

ስጨርስ ሳህኑ መንኳኳቱን አቁሟል። የበር መዘጋት ሰማሁ። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ሌላ ነገር የለም። ጉሮሮዬ ይነድ ነበር፤ ከንቱ ዘፈንኩ ብዬ ቆረጥኩ።

ከዚያ የእሱን መልስ፣ የወንዱን ስንኝ፣ እኔ ባስቀመጥኩት ቦታ ላይ ዝቅ ብላ ተቀበለችኝ።