ለአባቷ የተነገሩ በሮች

አቻምየለሽ የሺዋስ ድረ ገጽ ወደ መሥራት የገባችው ሥዕል ስለምትወድ ነው። አቃቂ ካሉት የጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የአንሶላና የሻሽ ጥለት ስትነድፍ ቆይታ፣ ኮምፒውተር ወደ ንድፍ ክፍሉ ሲመጣ ከሁሉም ቀድማ ለመደችው። በኋላ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም አብራ ወጣች። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛችና አባቷ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ የራሷን ሥራ ጀመረች።

ቤቱ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። አባቷ አቶ የሺዋስ ዕድሜያቸውን የባቡር ፍሬን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ እንደወጡ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። ግላኮማ ነው ተባለ። ሐኪም ቤት ቢመላለሱም ብርሃኑ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ጠፋ። እናቷ ቀደም ብላ ስለሞተች ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሷ ስትሠራ እሳቸው ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው አጠገቧ ይቀመጣሉ። ሥራዋን ባያዩትም የቁልፎቹን ድምፅ ይከታተላሉ፤ ከፈጠነ ቀንቷታል፣ ከቆመ ተቸግራለች ማለት ነው።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሀይረዲን የሚባል የስልጤ ሰው ሥራ ይዞላት መጣ። ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ብረታ ብረት ቤት አለው፤ የግቢ በር ይሠራል። ተራ በር አይደለም፤ ብረቱን እያሞቀ አጥፎ ወፍ፣ ሐረግ፣ ቅጠል ያወጣበታል። አቻምየለሽ በሮቹን ባየች ጊዜ ልቧ ደነገጠ። ገጹንም እንደ ልቧ ሠራችው። ሲከፈት ድፍን ጥቁር ነው፤ ከዚያ ከአንድ ጥግ የብየዳ ብልጭታ ይፈናጠራል፣ ብልጭታው እየተቀጣጠለ በር ይሆናል፣ በሩ በክራር ታጅቦ ለሁለት ይከፈትና ከኋላው ሌላ በር ብቅ ይላል። በፍላሽ ነበር የሠራችው፤ ያኔ ድረ ገጹ እንዲንቀሳቀስለት የሚፈልግ ሁሉ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው። በብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ሳጥን ሳጥን እየሆነ ስለሚወጣ፣ ጽሑፉን እንኳ እንደ ሥዕል ስላ አስገባችው። ሀይረዲን ሲያየው በአድናቆት ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ። አቶ የሺዋስን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አቻም፣ ገጹ እንዴት እንደሚወደድልኝ ልነግርሽ አልችልም። ያሳየሁት ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ነው የሚያየው» አለ። ከዚያ ጣቶቹን ማፍተልተል ያዘ። «ግን እኔ ካላሳየሁት ማንም አያገኘውም። የአክስቴ ልጅ ረሻድ ሐዋሳ ነው ያለው፤ ‹የብረት በር አቃቂ› ብሎ ቢፈልግ የሌላ ሰው ይመጣል፣ የእኔ የለም። ስሜን ጻፈ፤ እሱም የለም። ምናልባት እኛ ያላወቅንበት ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው።»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እሱ ግን ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

እንደወጣ ራሷ ሞከረችው፤ የለም። የኢንተርኔት መፈለጊያው ገጹን እንዴት እንደሚያነበው የሚታይበት መንገድ እንዳለ ታውቃለች፤ ሥዕሉን ሁሉ ገፎ ጽሑፉን ብቻ ያሳያል። ከፈተችው። ነጭ ገጽ ላይ «እባክዎ ይጠብቁ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ብልጭታውም፣ በሮቹም፣ የሀይረዲን ስምም የሉም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሏት አባቷ።

«ገጹ አይገኝም አባዬ።»

«ጠፋ?»

«አልጠፋም፣ አለ። ሰው የሚፈልገውን የሚያወጣለት ማሽን አለ አይደል? እሱ አያየውም። በፍላሽ ስለሠራሁት ነው።»

«ፍላሽ ያቺ አንገት ላይ የምትንጠለጠለው አይደለችም እንዴ?»

«ያቺ ሌላ ናት» ብላ ሳትወድ ሳቀች። «ይኼ ሥዕል የሚያንቀሳቅሰው ነው። ማሽኑ ደግሞ የሚያነበው ፊደል ብቻ ነው። ሥዕሉ የፈለገውን ያህል ቢያምር ለእሱ...» ቃሉን ዋጠችው።

አቶ የሺዋስ ሬዲዮውን ዘጉት። «ዕውር ነው በይ እንጂ፤ ምን ያሳፍርሻል?»

«አባዬ!»

«በይ ለእኔ ንገሪኝ። ስለነዚህ በሮች ስታወሪ ስንት ጊዜ ሰማሁሽ። ምን እንደሚመስሉ ግን አንድ ቀን አልነገርሽኝም።»

እውነታቸውን ነበር። ያጡትን ማስታወስ እየመሰላት፣ የምታየውን ነገር ሁሉ ለእሳቸው መንገር ካቆመች ቆይታለች። ወንበሯን አዞረችና የመጀመሪያውን በር ፎቶ ከፈተች።

«ትልቅ ነው። ጥቁር ቀለም፣ ከላይ ቅስት አለው።»

«መኪና ያስገባል?»

«አይሱዙ ያስገባል።»

«ለእግረኛስ?»

«በስተቀኝ ትንሽ በር አለችው።»

«ከውጭ ሆኖ ግቢውን ማየት ይቻላል?»

«አይቻልም፤ እስከ ሰው ቁመት ድፍን ላሜራ ነው። ከዚያ በላይ ሁለት ወፎች ፊት ለፊት ቆመዋል። በመሃላቸው ሰማዩ ይታያል።»

አቶ የሺዋስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ጥሩ በር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጻፊው። ልክ አሁን እንዳልሽው።»

ጻፈችው። እንዲህ እያሉ በር በበር ቀጠሉ። እሳቸው የሚጠይቁት ልክ ገዢ የሚጠይቀውን ነበር። እንቅስቃሴውን አልጣለችውም፤ ብልጭታው ለሚያይ ሰው ከላይ ቀረ። ከሥሩ ግን ለእያንዳንዱ በር የራሱን ገጽ፣ የራሱን አድራሻ፣ የራሱን ርዕስ ሰጠችው። ጽሑፉ እውነተኛ ፊደል ሆነ። ከየፎቶው ጀርባ ፎቶው የምን እንደሆነ የምትናገር አንዲት መስመር ገባች፤ ማሽኑም ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እንዲያልፍ ተራ ሊንክ ተደረገለት።

አንዱ በር ላይ ሲደርሱ ተያዙ።

«ቅጠላ ቅጠል አለበት» አለች።

«የምን ቅጠል?»

ፎቶውን አጉልታ አየችው። «እኔ እንጃ አባዬ። እንዲሁ ቅጠል ነው።»

«እንዲሁ ቅጠል የሚባል የለም። ተነሽ እንሂድ።»

በባጃጅ ሄዱ። በሩ ለናሙና ተብሎ ብረታ ብረት ቤቱ አጥር ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሀይረዲን የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እየሮጠ መጣና የአቶ የሺዋስን እጅ ይዞ ብረቱ ላይ አኖረላቸው። እሳቸውም ከታች ጀምረው በመዳፋቸው ወደ ላይ ወጡ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ መሃሉ ላይ ወፍራም ጅማት አለው፤ ጫፉ ተተርትሯል።

«ሙዝ ነው?» አሉ።

«እንሰት ነው አባባ» አለ ሀይረዲን። «የእናቴ ጓሮ ነው። ልጅ ሆኜ ዝናብ ሲመጣ ሥሩ ነበር የምጠለለው። ንፋስ ጫፉን ይተረትረዋል፤ እሱን ነው ያወጣሁት። አንቱ ጠየቁኝ እንጂ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

አቻምየለሽ አፈረች፤ ስንት ጊዜ ፎቶ አንስታዋለች። የዚያኑ ዕለት ማታ «የእንሰት ቅጠል ያለበት የግቢ በር» የሚል ርዕስ ሰጠችውና፣ ሀይረዲን ስለ ዝናቡና ስለ ንፋሱ ያለውን ከሥሩ ጻፈች።

መፈለጊያው ማሽን አዲሶቹን ገጾች ለማንበብ ቶሎ አልመጣም። መብራት በፈረቃ ነበር፤ በመጣ ቁጥር ትፈልጋለች፣ የለም፤ ትዘጋዋለች። አባቷ «ዛሬስ?» ይሏታል፤ «ዛሬም» ትላቸዋለች። አንድ ጠዋት ግን «የብረት በር አቃቂ» ብላ ስትጽፍ ሁለቱ ወፎች ያሉበት በር ገጽ ወጣ። ጽሑፉ ላይ ያሉት ቃላት እሷ ለአባቷ ያለቻቸው ናቸው። ድምፅ አውጥታ ስታነብላቸው አቶ የሺዋስ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ ሰሙ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሀይረዲን ደወለ። እየጮኸ ስለነበር አባቷም ይሰሙታል። ሐጀራ የምትባል ቡታጅራ ቤት የምትሠራ ሴት፣ ለእናቷ የሚሆን እንሰት ያለበት በር ካለ ብላ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ እሱን አግኝታዋለች። «ስለ ዝናቡ የጻፍሽውን አንብባ በስልክ አለቀሰች» አለ። «እኔም አለቀስኩ፤ አትሳቂ!» ሌሎችም ተከተሉ፤ አንዱ ወፎቹን፣ አንዱ የእግረኛ በሯን እየጠራ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አባቷ ድንገት «አሁን ደግሞ አንቺን ንገሪኝ» አሉ።

«እኔን?»

«አዎ። እኔ የማስብሽ ፋብሪካ በነበርሽ ጊዜ በማውቀው መልክሽ ነው። ጠይቄሽም አላውቅ፤ ይከፋታል ብዬ።»

አቻምየለሽም እስከ ዛሬ ያልነገረቻቸው ይከፋቸዋል ብላ ነበር።

«ጸጉሬን አሳጥሬዋለሁ» አለች።

«መቼ?»

«ቆይቷል።»

«ሳትነግሪኝ!»

«መነጽር አደርጋለሁ።»

«እሱንስ ጠረጴዛው ላይ ስታኖሪው እሰማለሁ።»

«ጆሮዬ አጠገብ ሽበት ጀምሮኛል፤ በግራ በኩል ይበዛል።»

አቶ የሺዋስ እጃቸውን ዘርግተው ግራ ጆሮዋ አጠገብ፣ ጸጉሯ ላይ አሳረፉት።

«እናትሽም ከዚሁ ነው የጀመራት» አሉ። «እሺ፣ ሌላስ?»