ፈተናው እኔ ቤት የዋለ ዕለት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከገዛ ቤቴ ተባረርኩ። ያባረረችኝም ሥራ ያስለመድኳት ብርቄ ናት...

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች የሚረዳ ማኅበር ሠራተኛ ነኝ። ከሶማሌ ተራ እስከ ራጉኤል ድረስ ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ዘመድ ዘንድ የተጠጉ ልጆች እንዴት እንደተያዙ አያለሁ። ዘንድሮ ታዲያ አዲስ ደንብ ወጣ፤ በየዓመቱ ኮርስ ያልወሰደና ሰው ቤት ገብቶ ልጅ በማነጋገር ያልተፈተነ ሠራተኛ ፈቃዱ አይታደስም ተባለ። ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠ ሽማግሌ ከወጣት ጋር ደብተር ይዞ መቀመጥ ያሳፍራል። ቢሆንም እግዚአብሔር ያለው ነው ብዬ ገባሁ።

ከትምህርቱ የከበደኝ አንዱ ነው። ልጁን ለብቻው ጠይቁት ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ አሳዳጊን አስወጥቶ ልጁን መጠየቅ ባለቤቱን እንደ መስደብ ነው። ልጁም በትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አፍ የለውም።

እኔ ባለፈው ሳምንት ተፈትኜ አልፌያለሁ። ለብርቄ ፈተና ቤት ሲፈለግ «እኔ ቤት ይሁን» አልኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ልጄን አልማዝን የማሳድጋት ብቻዬን ነው። እህቴ ከፍቼ ከተማ በመጣች ቁጥር «ሴት ልጅ ያለ ሴት አታድግም፣ ስጠኝ» ትላለች። እኔም «ምን ጎደላት?» እላታለሁ። እውነቱን ልናገር... ምንም እንዳልጎደላት ፈተናው እንዲመሰክርልኝ ፈልጌ ነበር።

ብርቄ ከአስተማሪያችን ጋር መጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ውጭ ይቆዩልን» አለችኝ መሬት መሬት እያየች።

«ከቤቴ?»

«እርስዎም ባለፈው ሳምንት የሰው ቤት ገብተው እንዲሁ ብለዋል እኮ።»

አልማዝን ከእነሱ ጋር ትቼ ወጣሁ። ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ «ምነው፣ ሴቶቹ አስወጡህ?» አለኝ።

«ፈተና ላይ ናቸው።»

«እነሱ ሲፈተኑ አንተን ምን ያልብሃል?»

ግንባሬን ጠረግኩ።

ሲወጡ የብርቄ ዓይን ቀልቷል። «ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ልጅ ለብቻዋ የነገረችኝን ለአሳዳጊ አልናገርም።»

«እኔ እኮ አባቷ ነኝ።»

«ስለዚያም ነው።»

አስተማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ብርቄ አለፈች ማለት ነው። ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመልሳ፣ «ብቻ... ሲጠይቋት ዝቅ ይበሉ» አለችኝ።

ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። «ደህና ነሽ፣ ልጄ?»

አንገቷን ደፋች። «ደህና ነኝ፣ አባዬ።»

በየሰው ቤት ስሰማው የኖርኩት መልስ ነበር... እኔ ቤትም አለ ለካ።

ኮርሱ ላይ ከልጁ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ ይሉን ነበር። ተነስቼ መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ ሱሪህ ይቆሽሻል» ብላ ሳቅ አለች።

የቀሚሷን ጫፍ እየጠቀለለች፣ «እማዬን ስጠራት ነጠላህን ለብሰህ ራጉኤል ትሄዳለህ» አለች።

«ለነፍሷ ልጸልይ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ብቻዬን እቀራለሁ። ስለዚህ አልጠራትም።»

እኔ እኮ እንባዬን እንዳታይብኝ ነበር የምወጣው። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተደግፌ የልቤን አልቅሼ፣ ቀሎኝ እመለሳለሁ። ልጄ ግን የእናቷን ስም ዋጥ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ይህ ጸሎት ነው ወይስ ሽሽት? ፈጣሪዬ ያውቃል፤ እኔ ግን ገና አላወቅሁም።

«በይ ጥሪያት» አልኳት።

ጠራቻት። እናቷ ጠጉሯን ስትሠራት ታንጎራጉር የነበረውን፣ እኔ የረሳሁትን ሁሉ አወራችልኝ። እግሬ ሁለት ጊዜ ሊነሳ ቃጣው... ያዝኩት። እንባዬን አየችው። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ።

እህቴ ስትመጣ ምን ብዬ እንደምመልስላት አላውቅም። «ምን ጎደላት?» ግን ከእንግዲህ አልልም።

የታደሰው ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ነጠላዬም ትናንት ከሚስማሩ ሳይወርድ መሸ።