ከሰዓት በኋላ የሚሻክረው ድምፅ

ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ወደ ገበያ ሲወረድ በስተግራ፣ ቆርቆሮ ክዳኑ በቀትር ፀሐይ እየተንጫጫ የሚውል አንድ ቤት ነበር። ቤቱ አንድ፣ ሙያው ሁለት። በኮምፔንሳቶ ግድግዳ ተከፍሎ በወዲያኛው ወገን ልብስ ሰፊው አብዱልመጂድ የስፌት መኪናውን ሲያርገበግብ ይውላል፤ በወዲህኛው ጌታሰው ሬዲዮ ይጠግናል።

ሁለቱ ጎረቤታሞች በጋራ የገዙት አንድ ቬንትሌተር ነበራቸው። ሕጉ የታወቀ ነው። ከጧት እስከ ስድስት ሰዓት ከአብዱልመጂድ ዘንድ ይዞራል፤ አብዱልመጂድ ለዙህር ሶላት ሲወጣ ቬንትሌተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ለጌታሰው ያስረክባል። ከዚያ በኋላ መኪናውን ከጓሮው ኒም ዛፍ ሥር አውጥቶ በጥላው ይሰፋል። ቆላ ሰው ነፋስን እንኳ በተራ ይካፈላል።

ጌታሰው የዚያው አካባቢ፣ የቀወት ገጠር ልጅ ነው፤ ማሽላ መሀል ተወልዶ ማሽላ መሀል ያደገ። በደርግ ዘመን ወታደር ሆኖ በመገናኛ ክፍል ሬዲዮ ሲያዳምጥ ዓመታት ቆጠረ። በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ አንድ ፒንሳና ሁለት ጆሮ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ፒንሳው እንጀራ ሰጠው፤ ጆሮው ግን ሰላም ነሳው። ከተማው ሁሉ ዘፈን ሲሰማ እሱ ከዘፈኑ በስተጀርባ ያለችውን ጩኸት፣ ሹክሹክታ፣ ኮረኮንች ይሰማል። ሚስቱ ማህደር፣ «እኔ ስናገር ግን አይሰማህም» እያለች ትስቅበታለች።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከአዋሳ ተመድቦ የመጣ ዮናስ የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር የተሰበረ ሬዲዮ ይዞ ሱቁ ገባ፤ ሬዲዮው ድኖም መምህሩ መምጣቱን አላቆመም። ሁለቱ ተያይዘው ከዋንዛ እንጨት አንድ ሣጥን ሠሩ። ካሴት የለውም፣ ሲዲ የለውም፤ ጥፍር በምታክል ካርድ ላይ በቁጥር የተቀመጠውን ድምፅ እያነበበ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ከላይ ገና ክዳን ባልተሠራለት ሣጥን ሆድ ውስጥ በብረት የተሸፈነች አንዲት ትንሽ ክሪስታል አለች። በሴኮንድ ከአሥራ አንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ትመታለች፤ ቁጥሮቹም በእሷ ምት እየተጠሩ ተራ በተራ ይወጣሉ። ከበሮ መቺው ከተንገዳገደ ዘፋኙ ምን ቢያዜም ዋጋ የለውም። ጌታሰው ይህችን የመጀመሪያዋን ክሪስታል ያገኛት ከሞተ የሲዲ ማጫወቻ ፈቶ ነው። ነገ የተሻለች ባገኝ እቀይራታለሁ ብሎ ረጅም እግሮቿን ሳይቆርጥ፣ እንደ ሽመላ አቁሞ በየዳት።

ሣጥኑ የተሠራው ለእትዬ በላይነሽ ነበር ቢባል ይቀላል። እትዬ በላይነሽ ከቀወት ማሳዎች በአንዱ፣ ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥታ ግሪሳ ወፍ ስታባርር ሰባ ዓመት የሞላት፣ የወፍ ጥበቃ ዘፈኖችን በሙሉ የምታውቅ የመጨረሻዋ ሴት ናት። ጌታሰው ሕፃን ሳለ ከእሷ ማማ ሥር ተኝቶ ያደመጣት ዜማ እስከ ጦር ግንባር ተከትላው ሄዳለች። በጥቅምት መጀመሪያ መምህር ዮናስ በትንሽ መቅጃ ሁለት ዘፈኗን ቀዳ።

ማሽላው አቀርቅሯል እንደ አዲስ ሙሽራ፣
ወንጭፌ ሚዜ ነው ከማማ 'ሚጣራ።

ሌሎቹን ከመቅዳታቸው በፊት ግን፣ ድምፄ እንዴት እንደሚሰማ ልየው አለች። በገበያ ቀን፣ ሽያጯን ጨርሳ፣ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጌታሰው ወንበር አቀረበላት፤ ሙቀት እንዳያስቸግራት ቬንትሌተሩን ከሣጥኑ ጎን አድርጎ ወደ ፊቷ አዞረላት። ሣጥኑ ዘፈነ። እሷ አንገቷን አዘንብላ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማች።

«ልጆቼ፣ ደክማችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ግን ይቺ ሴት እኔ አይደለሁም። ይቺ ጉሮሮዋን ገለባ የወጋት ሴት ናት።»

መምህሩ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ማንም ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ እንግዳ ይሆንበታል አላት። እሷ ግን የምታውቀውን ታውቃለች። ድምፄን ስትመልሱልኝ እዘፍንላችኋለሁ፣ እስከዚያ አፌን የምከፍተው ለእህል ብቻ ነው ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ኅዳር ሚካኤልን ካከበረች በኋላ ደግሞ ልጇ መሲ ወደ ደብረ ብርሃን ልትወስዳት ነው፤ ጉልበቷ ማማ መውጣት አልችል ብሏል። ጌታሰው በዚያ ቀን በጣቱ ቆጠረ። ሦስት ሳምንት። ከዚያ በኋላ አርባ ዘፈን በአንዲት አሮጊት ደረት ውስጥ ተቆልፎ ደጋ ይወጣል።

በማግስቱ ጧት ብቻውን ሣጥኑን ከፈተ። ድምፁ የጠራ ነበር፤ የወንጭፉ ጩኸት እንኳ ይሰማል። ከምሳ በኋላ ዮናስ ሲመጣ ሻከረ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ጧት ወተት፣ ከሰዓት በኋላ አሸዋ።

«ሙቀቱ ነው» አለ ዮናስ።

ጌታሰውም አላመነታም። በሮቢት ቅቤ ሲቀልጥ ሙቀቱ ነው፤ ጎማ ሲፈነዳ ሙቀቱ ነው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሙቀቱ ነው። ክሪስታሏ በሙቀት ምቷን ስታለች ማለት ነው። ሁለቱም ይህን ከወሰኑ በኋላ ሊያደርጉ የሚገባውን አደረጉ፤ ቬንትሌተሩን ይበልጥ ወደ ሣጥኑ አስጠጉት። ድምፁ ባሰበት። ይሄማ የሚገርም ሙቀት ነው አሉ።

ዮናስ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው ደውሎ፣ ሙቀት ቢወጣ ቢወርድ ምቷን የማትስት፣ ለዚሁ የተሠራች ክሪስታል አስገዛ። በሹፌር እጅ፣ በጥጥ ተጠቅልላ መጣች። አብሯት የመጣው ወረቀት ከውርጭ እስከ ሐሩር ንቅንቅ አትልም ይላል። አብዱልመጂድ በኮምፔንሳቶው ቀዳዳ አይቶ፣ ይቺን ለምታህል ነገር ይህን ሁሉ ጥጥ ካባከናችሁ ለእኔ ኮት ገበር አታስተርፉም ብሎ አሾፈባቸው።

ጌታሰው በቀጥታ ሊበይዳት አልፈለገም። በውትድርናው ዘመን የተማራት ብልሃት ነበረችው። ሁለት ክሪስታሎች ጎን ለጎን እየመቱ ሳለ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ በመካከላቸው ቢከፈት፣ የሁለቱ ልዩነት ፉጨት ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም እጃቸው የጸና ከሆነ ፉጨቱ እንደ ጥሩ ፈትል ይሳባል፤ አንደኛዋ ከተንቀጠቀጠች ይቆራረጣል። የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ሦስተኛ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሌላ የሞተ ማጫወቻ አንዲት መለዋወጫ ክሪስታል አወጣ፤ ሦስቱንም በረጅም እግራቸው አቁሞ እንደ ሽማግሌ ሁለት ሁለት እያደረገ አፋጠጣቸው።

ከሰዓት በኋላ ነበርና የሦስቱም ጥንድ ፉጨት ተቆራረጠ። አዲሲቱ ያለችባቸው ሁለቱ ጥንዶች ግን የባሱ ነበሩ። ዮናስ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ። ወረቀቱ አልተለወጠም። በዚህ ዓይነት አሥር ቀን አለፈ፤ ጌታሰው ከስቶ ማህደር ሐኪም ቤት ልትወስደው ስትል፣ የታመመው እኔ ሳልሆን ሣጥኑ ነው አላት።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሲቀርብ አብዱልመጂድ የሠርግ ሥራ ተደራረበበት። የሙሽራው ሚዜዎች ሱሪ በማግስቱ መድረስ ነበረበትና ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት አለፈ፣ ቬንትሌተሩ አልተሻገረም። ጌታሰው ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ተስፋ ቆርጦ ሁለቱን አሮጌ ክሪስታሎች አገናኝቶ ሬዲዮውን ከፈተ።

ፉጨቱ ወጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ እንከን የሌለው። ከጀውሃ ወንዝ በኩል በጠዋት የሚመጣ የእረኛ ዋሽንት እንኳ እንዲህ አልጠራም።

ዮናስ ተነሥቶ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ አለ። ከቤቱ ሙቀት የተነሣ ሻማ እንኳ ጎብጧል፤ ክሪስታሎቹ ግን እጃቸውን አጽንተዋል። አዲሲቱን በአንዷ ቦታ ሲተኩ ፉጨቱ ሻከረ፤ ከሌላዋም ጋር ሲያገናኟት እንዲሁ ሻከረ። አሁን ጥፋተኛዋ ታወቀች።

«ወረቀቱ ግን አይስትም ይላል፣ ጋሼ።»

«ወረቀቱ አልዋሸም» አለ ጌታሰው። «የሚናገረው በቀን ውስጥ ስንት እንደምትስት ነው። በአንድ ትንፋሽ መሀል እጇ እንደሚንቀጠቀጥ ማን ጠየቀው? በየገበያው በሰዓቱ የሚደርስ ሰካራም አታውቅም? ሰዓቱን አይስትም፤ መንገዱን ግን ከዳር ዳር ነው የሚሄደው። ለእኛ የሚያስፈልገን የማይንገዳገደው ነው፤ ትንሽ ቢዘገይ ማን ያየዋል?»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ አብዱልመጂድ እያፈረ ገባ፤ ተራችሁን ወሰድኩባችሁ ብሎ ቬንትሌተሩን ከጠረጴዛው ላይ አቆመና ሰካው። አሮጌዎቹ ጥንድ ሆነው እየተፏጩ ነበር። ፉጨቱ ወዲያው እንደ ፍየል ተንቀጠቀጠ።

 ጌታሰው ተነሥቶ የቬንትሌተሩን ፊት ወደ ግድግዳ አዞረው፤ ፉጨቱ ጠራ። ወደ ጠረጴዛው መለሰው፤ ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ ክሪስታሎቹ በረጃጅም እግሮቻቸው ላይ ቆመው በነፋሱ ይወዛወዛሉ፤ ልክ በማሳ ጫፍ እንደ ቀረ አንድ የማሽላ ዛላ። ጧት ነፋሱ ከጎረቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከእሱ ዘንድ ነው። ሰይጣኑ ያለው እዚያ ላይ ነበር።

አብዱልመጂድ ነገሩን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይን ስታሙ ከረማችሁ» አለ። «ወላሂ፣ ይቅርታ ጠይቋት።»

ያን ዕለት ጌታሰው ነገ ልቀይር የሚለውን አሳብ ተወ። ከሁለቱ አሮጌዎች ፉጨቷ ይበልጥ የጠራውን መረጠ፤ እግሮቿን አሳጥሮ ቆረጠ፤ ከመሠረቱ ጋር አስጠግቶ አስተኛትና በየዳት፤ የቀለጠ ሰም አፈሰሰባት፤ በላይዋ ከሰርዲን ቆርቆሮ የተቆረጠ ትንሽ ክዳን ደፋ። ዮናስ ያቺን በጥጥ የመጣችውን ክሪስታል ስለ ሙቀት ሳስተምር ክፍል ይዣት እገባለሁ ብሎ በኪሱ ከተታት።

በኅዳር አሥራ ሦስት፣ እትዬ በላይነሽ ከልጇ ከመሲ ጋር ወደ መናኸሪያ ስትወጣ ሱቁ በር ላይ ጠበቋት። መሲ ሻንጣውን ሚኒባሱ ላይ አስጭና፣ ሰባት ሰዓት ላይ ይወጣልና ቶሎ በሉ አለቻቸው። ጌታሰው ቬንትሌተሩን ጥግ አስይዞ አጥፍቶት ነበር፤ በሰሙ ተማምኗል፣ ግን መፈተን አልፈለገም። አሮጊቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ አራገበች።

«ምነው፣ ባለፈው ያበረዳችሁኝን ነገር ወዴት አደረጋችሁት? ልትቀቅሉኝ ነው?»

ጌታሰውና ዮናስ ተያዩ። እንግዳ በሙቀት አይቀጣም። ጌታሰው ቬንትሌተሩን አምጥቶ ከሣጥኑ ጎን አቆመው፤ ወደ ፊቷ አዞረው፤ ሰካው፤ ነፋሱ የነጠላዋን ጥለት አነሣው። ከዚያ ሣጥኑን ከፈተ።

ድምፅዋ ወጣ። በመጀመሪያ የማሽላው ቅጠል ሹክሹክታ፣ ከዚያ የወንጭፉ ጩኸት፣ ከዚያ እሷ። ቬንትሌተሩ እየዞረ ነው፤ ድምፁ ግን ከማማው ላይ ንቅንቅ አላለም። አብዱልመጂድ መርፌውን በጥርሱ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። እትዬ በላይነሽ ዓይኗን ከድናለች።  ድንገት እጇን አነሣች።

«አቁመው።»

ጌታሰው አቆመው። 

«እዚህ ጋ አንዲት የግጥም ቤት ዘልያለሁ» አለች። «የፍቅር ናት፤ ያኔ መምህሩ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር አፍሬ አለፍኳት። ይኸው በራሴ ድምፅ መዝለሌን ሰማሁት። ሣጥናችሁ እውነቱን ነው የያዘው። ያንን መቅጃ አውጣው፣ አንተ መምህር፤ ጎዶሎ ዘፈን ትቼ ደጋ አልወጣም።»

ዮናስ መቅጃውን ሲከፍት እሷ የቀኝ እጇን እንደ ወንጭፍ አንሥታ ጀመረች፦

ግሪሳን ስጠብቅ ማማ ላይ ወጥቼ፣
ልቤን ወፍ ለቀመው ሜዳ ላይ ረስቼ።

መሲ ከውጭ መጥታ ሹፌሩ ጥሩምባውን ሊነፋ ነው አለች፤ ማንም አልሰማት። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ተመልሳ መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች፤ ይህን ዘፈን ከእናቷ አፍ ሰምታው አታውቅም ነበር። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቀስ ብላ ወደ ሚኒባሱ ሄደችና ሻንጣውን አስወረደች።