የባሌ ወንድም ሚስት

ባሌ ሰሞኑን «ምናለ ብትቀመጪ?» ይለኛል። እቀመጣለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያልጠፋ ነገር ፍለጋ እነሣለሁ። የታጠፈ ልብስ ዘርግፌ እንደገና አጥፋለሁ። ክፍል ውስጥ እንኳ ከሰሌዳው እስከ በሩ ስመላለስ ተማሪዎቼ አንገታቸውን ከወዲያ ወዲህ ሲያዞሩ አያቸዋለሁ። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ኑዌር ሆና አማርኛ ታስተምራለች ብለው የሚስቁ አሉ። ይሳቁ፤ የልጆቻቸውን ደብተር የማርመው እኔው ነኝ።

ይህ ቁጭ ብድግ የጀመረኝ የባሌ ወንድም ሚስት ከደቡብ ሱዳን ሸሽታ ቤታችን ከመጣች ወዲህ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ በራችን ላይ ቆሞ አንዲት ቀጭን ረጅም ሴት፣ ሦስት ልጆችና አንድ ድስት አወረደ። በአካል አይቻት አላውቅም፤ በስልክ ፎቶ ነበር የማውቃት። «ማሌ» አለችኝ፤ በእኛ ቋንቋ ሰላምታ ነው። ቀጥላ ያለችኝ «ባሌ ሞቷል» ነው። የእኔ ባል የታላቅ ወንድሙን ሞት የሰማው አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ከእሷ አፍ ነው። በዚያ በኩል ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቶ ነበር።

ታሪኩን በአንድ ጊዜ አልነገረችንም። ልብስ ስታጥብ ትንሽ፣ በቆሎ ስትፈለፍል ትንሽ። መጀመሪያ ወታደሮችና የአካባቢው ወጣቶች ከተማው ውስጥ ተታኮሱ፤ እሷና ባሏ ልጆቹን ይዘው ገጠር ገቡ። ከዚያ አውሮፕላን መጣና ገበያው ተቃጠለ። ቀን ቀን ወንዝ ዳር ሸንበቆ ውስጥ እየተደበቁ ሰነበቱ። ባሏ አንድ ጠዋት ለትንሿ ልጅ ወተት የምትሆን ፍየል ከመንደር ላምጣ ብሎ ተመለሰ፤ በዚያው ቀረ። ኋላ የደረሱ ሰዎች እንደቀበሩት ነገሯት። ስለ ፍየሏ ግን ማንም አላነሣም፤ እሷም አልጠየቀች። ቀሪውን መንገድ በታንኳም በእግርም ብላ ድንበሩን ተሻገረች። ስደት ለእሷ አዲስ አልነበረም። ሕፃን ሳለች እናቷ አዝላት ወደዚሁ ወደ ጋምቤላ ገብታ ካምፕ ውስጥ አድጋለች፤ ሰላም ሆነ ሲባል ተመልሳ ነው ያገባችው።

ፍራሻችንን ስሰጣት እንቢ አለች። በሩ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ልጆቿን ከነልብሳቸው አስተኛች። አራት ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ ዞሮ፣ በተርታ ተደርድሯል። ጠዋት ስወጣ በጫማዎቹ ላይ እየተራመድኩ ነው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ደግሞ ልጆቿን እየጎተተች ማንጎው ሥር ታስገባና በላያቸው ትተኛለች። ባሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነው፤ የእኛ እንጀራ የሚመጣው በዚያው አውሮፕላን ነው። እሱም እንዳያስበረግጋት ብሎ ያቺን የምታንጸባርቅ የሥራ ሰደርያውን እዚያው እየተወ መምጣት ጀመረ።

ልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ «ማማ» ይሉኝ ነበር። በእኛ ዘንድ የአባት ወንድም ሚስት እናት ናት፤ ሌላ ምን ይበሉኝ? ቢሆንም ትንሿ ቀሚሴን ይዛ «ማማ» ባለችኝ ቁጥር የሆነ ነገር ይቆነጥጠኛል። ለምን እንደሆነ አውቀው ነበር።

የባሌ አጎት ከኢታንግ የመጡ ዕለት ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። ሽማግሌው ማንጎው ሥር ወንበር ተሰጣቸው፤ ባሌ ጉቶ ላይ ተቀመጠ።

«የወንድምህ ቤት ተከፍቶ አይቀርም» አሉት።

ትርጉሙ ቀላል ነው። በባህላችን ሟች ወንድም ካለው ሚስቱን ተቀብሎ፣ የሚወለዱትን ሁሉ በሟቹ ስም ያሳድጋል። የእኛ የመማሪያ መጽሐፍ «የውርስ ጋብቻ» ብሎ ከጎጂ ልማዶች ተርታ አስፍሮታል፤ እኔ ራሴ ለልጆች አስጽፌዋለሁ። ማስጻፍና ግቢ ውስጥ ሲመጣ ማየት ግን ለየቅል ነው።

«አባባ፣ እኛ እኮ የተጋባነው ቤተ ክርስቲያን ነው» አልኳቸው፣ የሻይ ትሪውን እንደያዝኩ።

«ልጄ፣ እኛስ ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ነን እንዴ? ይህ የወገን ነገር ነው» አሉኝ።

ባሌ በእንጨት መሬቱን ይጭር ነበር። ሲሄዱ «ምን አሰብክ?» አልኩት። «እያሰብኩ ነው» አለኝ። በሥላሴ ስም ቀለበት ያሠረልኝ ሰው እያሰበ ነው!

አቦቦ ወረዳ የምታስተምር እህት አለችኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ትልልቆቹ እንዳይሰሙን ስንፈልግ የምናወራው በአማርኛ ነው። በማግሥቱ ከቆርቆሮ ማድ ቤታችን ውስጥ ደወልኩላት። የባሌ ወንድም ሚስት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ጦርነቱ የእሷን ባል ወሰደ፤ እሷ ደግሞ የኔን ልትወስድ መጣች!» አልኩ፣ ድምፄን እንኳ ሳልቀንስ። «ካምፕ የተሠራው ለማን ነው? ለእንደዚህ ዓይነቷ አይደለም እንዴ?»

ሴትዮዋ ቀና አላለችም። ከምስሩ ጠጠር አንሥታ ወረወረች።

ከሁለት ቀን በኋላ ራሷ «ካምፕ ሄጄ ልመዝገብ፤ ልጆቹ ትምህርት ይጀምሩ» አለች። ባሌ «አጎቴ ይምጡና እንነጋገር እንጂ» ቢላትም ፍንክች አላለችም። «አንቺ ውሰጂኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም፤ ደስ አለኝ፣ በዚያው ሰዓት ርእሰ መምህሩ ጋ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅሁ።

በሚኒባስ ሄድን። መመዝገቢያው ሸራ የተወጠረበት ዳስ ነው፤ ሰልፉ ፀሐዩ ላይ ተጠማዝዟል። ተራችን ሲደርስ ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው መዝጋቢ የተማሪዬ አባት ሆኖ ተገኘ፤ ጎንደሬ ነው፣ ከማን ጋር እንደሚውል እንኳ የማይታወቅ ዝምተኛ ሰው። የዚያን ዕለት ግን ላብ አጥምቆት ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ቲቸር! እግዜር ነው ያመጣሽ። አስተርጓሚዬን ወባ ጥሎብኛል፤ እባክሽ ለጥቂት ሰው ብታግዢኝ?»

ቲቸር የማይለኝ ሰው የለም። ወንበር ሳብኩና ከእሷ ፊት ለፊት፣ ከእሱ ጎን ተቀመጥኩ። ከየት መጣች? ባሏስ? ልጆቹ ሁሉም የእሷ ናቸው? የታመመ አለ? እሱ ይጠይቃል፣ እኔ በኑዌርኛ አደርሳለሁ፣ የመለሰችውን በአማርኛ እመልሳለሁ። ትንሿ በጠረጴዛው ሥር ሾልካ መጥታ ቀሚሴን ያዘች።

«እዚህ አገር ውስጥ ሊቀበላት የሚችል ዘመድ አላት?» አለ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

ጠየቅኋት። ቤታችን ከገባች ጀምሮ እንዲያ ዓይኔን ያየችው ያኔ ነው። ቸኩላ አልመለሰችም። ከኋላ የቆሙት ሴቶች ማጉረምረም እስኪጀምሩ ጠበቀች፤ እኔም አፌ ውስጥ አንድ ቃል ነበረኝ፣ ዝም ብዬ ያዝኩት።

«ማንም የለኝም» አለች።

«ማንም የላትም» አልኩት።

ጻፈ። ቀና ሲል ቀሚሴ ላይ የተንጠለጠለችውን ልጅ አየ። «ለምዳሻለች» አለ ፈገግ ብሎ።

«ልጅ አይደለች? ሁሉንም ትለምዳለች» አልኩ።

ጣቷን የአሻራ መሣሪያው ላይ አስነክቶ ሲጨርስ «ካርዱን ነገ ጠዋት መጥታ ትውሰድ በያት» አለኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሷ ተነሣችና፣

«እሺ ጌታዬ፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አለችው። በአማርኛ።

ሰውዬው ሳቀ። «አማርኛ ትችያለሽ እንዴ? ምነው ታዲያ ቲቸርን በከንቱ አደከምናት?»

«ልጅ ሆኜ እዚህ ነው ያደግኩ። መናገር ትንሽ ያስቸግረኛል» አለች። «እሰማለሁ።»

ወደ እኔ አልዞረችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ተነሥቼ እስከ ቧንቧው ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ምስሩ፣ ጠጠሩ፣ ድምፄ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣብኝ። ስትደርስብኝ «እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። በጆጉ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ።

«ጠጪ» አለችኝ በኑዌርኛ፤ «ፀሐዩ ከባድ ነው።»

ለባሌ «ራሷ ፈለገች» አልኩት። ውሸት አይደለም። አጎትየው ሲመጡ ትንሽ ተቆጡ፤ ቆይተው ግን «ቢሆንም አንቺ እስከዚያ ድረስ አድርሰሻታል፤ ተባረኪ» አሉኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ስለ በጎነቴ ጸሎት ተደረገ። ዓይኔን ጨፍኜ አሜን አልኩ። ባሌ ከዚያ ወዲህ ማሰቡን ትቷል፤ ደመወዙን ተቀብሎ ለልጆቹ ሳሙናና ደብተር እንድወስድላቸው ይሰጠኛል እንጂ ስለ ጋብቻው አንሥቶ አያውቅም። መዝገቡ ላይ ምን እንደተጻፈ ግን እስካሁን አያውቅም።

መጀመሪያ የሄድኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ነው። እንቢ ያለችኝን ፍራሽ ጠቅልዬ ተሸከምኩ። መንገድ ላይ ሁሉ ስለማመድ ነበር፤ እንሂድ እላታለሁ፣ ቤት አለሽ እላታለሁ፣ መዝጋቢው ጋ አብረን ሄደን እኔው ራሴ አስተካክላለሁ። መጠለያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የእሷን ያወቅሁት በሩ ላይ ወደ ውጭ በዞሩት አራት ጥንድ ነጠላ ጫማዎች ነው። እሷ ከጎረቤቷ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች።

ትንሿ ከሩቅ አይታኝ እየሮጠች መጣች። ፍራሹን ጥዬ ጎንበስ አልኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ቀሚሴን አልያዘችም። በደንብ እንዳጠናችው ሁሉ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ራሷን ዝቅ አደረገችልኝና ወደ እናቷ ዞራ ጮኸች።

«ማማ! ቲቸር መጣች!»