ያገለገለ ሽጉጥ ስንመርጥ

በእኛ አገር «እሺ» ማለት «ሰማሁ» ማለት ነው። ታላቅ ሰው ሲናገር እሺ ይባላል፤ የሚደረገውና የማይደረገው በኋላ ይታያል። ሆላንዶች ግን እሺን እንደ ውል ነው የሚይዟት። ይህን ያስተማሩኝ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ውስጥ ከጣሪያ ሥር ያለች ክፍል ያከራዩኝ ሽማግሌ ናቸው።

በፈረንጆቹ የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነበር። ቀን ቋንቋ እማራለሁ፣ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ። ሁይስባሴ፣ አከራዬ ማለት ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርከብ መሥሪያ ውስጥ በቶርኖ ብረት ሲቀርጹ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ነበሩ። ጓሮ ባለችው መጋዘን የራሳቸው ቶርኖ ነበራቸው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የዒላማ ተኩስ ክበብ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኙኝና፣ ያገለገለ ሽጉጥ ገዝተው በገዛ እጃቸው እንደ አዲስ ሊሠሩት እንዳሰቡ፣ ግን የዓይን ሞራ እየጋረዳቸው የበርሜሉን ውስጥ ማየት እንደተሳናቸው አጫወቱኝ።

«አብረኸኝ እየዞርክ ታይልኛለህ?» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል? በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ሲደርስ መኪናቸውን አስነስተው ከታች ተጣሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ጫማዬን አድርጌ ወረድኩ።

ሽጉጥ አልወድም። አልወድም ስል ጎመን አልወድም እንደሚባለው አይደለም። አዲስ አበባ፣ የባለቤቴን ወንድም ከምሳ ላይ አስነስተው የወሰዱት ሰዎች ሽጉጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ውኃ ለምነው ነበር። ውኃውን የቀዳችላቸው እሷ ናት። ልጁ ሄዶ ቀረ።

እኔ ቀድሜ ወጥቼ እሷ ካርቱም ቀርታለች። እሷን ለማስመጣት ለሁለት ሰው የሚበቃ ቤት እንዳለኝ ማሳየት ነበረብኝ። ከክፍሌ አጠገብ ሌላ ክፍል ነበረች፤ የሟች ሚስታቸው ዕቃ እስከ ጣሪያው ተከምሮባታል። ያቺ ክፍል ትጨመርልኝ ብዬ ሽማግሌውን ብለምናቸው፣ «መጀመሪያ ሽጉጡን እንግዛ፣ ከዚያ እናያለን» አሉኝ። በክፋት አልነበረም። አንድ ሥራ ሳይጨርሱ ሌላ የማይጀምሩ ሰው ናቸው። እኔ ግን ተያዝኩ። ሚስቴ በአንድ አሮጌ ሽጉጥ ተይዛ ካርቱም ተቀምጣለች፤ ሽጉጡ ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም።

መንገድ ላይ ያስተምሩኛል። «የሚያምረውን አትይ። እጀታ ይለወጣል፣ ቃታ ይለወጣል፣ በርሜልም ይለወጣል። ሁሉን የተሸከመው ብረት ከተሰነጠቀ ግን አለቀ።»

«በርሜሉ የሚለወጥ ከሆነ ለምን አየዋለሁ?» አልኳቸው አንድ ጊዜ፣ በተሰባበረ ደችዬ።

«የባለቤቱን ጠባይ ይነግርሃል» አሉኝ። በርሜሉን ያላጸዳ ሰው ሌላውንም አላጸዳም ማለታቸው ነው። ከሁሉ በላይ የሚሸሹት ግን ቀድሞ ሌላ ሰው ሊያሻሽለው የሞከረውን ሽጉጥ ነበር። ቀለሙ ይላጥ፣ ይሻክር፣ ብቻ ማንም አይንካካው።

አንድ ቅዳሜ አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሰው ቤት ሄድን። ሻይ ቀረበ፤ ከሻይ ጋር እንደ አገሩ ልማድ ለአንድ ሰው አንዲት ብስኩት። ሽጉጡ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል። ሰውየው ባዶ መሆኑን አሳይቶ ፈታታው። እኔ በጣቶቼ ጫፍ በርሜሉን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁና «ጥሩ ነው» አልኩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው የላይኛውን ብረት በአውራ ጣታቸው ወዘወዙ፣ ጠርዙን ዳሰሱ።

«ኔ» አሉ፤ በደች አይሆንም ማለት ነው። «ሞርደውታል።»

እዚያው ሳሎኑ ውስጥ፣ ብስኩቱን በልተው! ሰውየው ቅር አላለውም። እኔ ግን አንገቴን እየሰበርኩ፣ ይቅርታ እየጠየቅኩ ወጣሁ። አምስተልቨን የሚባል ከተማ ሄደንም እንዲሁ ሆነ፤ እዚያ ደግሞ ውስጡ ዝጓል ብዬ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። እያንዳንዱ «ኔ» ሚስቴን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚገፋት ይመስለኝ ነበር። ከካርቱም በሰው እጅ የምትልክልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቤቱ እንዴት ሆነ?» ሽጉጥ እየመረጥን ነው ተብሎ ይጻፋል? «ሊሆን ነው» እያልኩ እመልሳለሁ።

ሽማግሌው አልቸኮሉም። በመመለሻችን መኪናው ውስጥ ያፏጫሉ፣ መንገድ ዳር አቁመው የተጠበሰ ድንች ይገዙልኛል። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለእሳቸው ሽጉጥ መግዛቱ ሳይሆን መዞሩ ነበር ደስታቸው። ሰው አግኝተዋል። አዘንኩላቸው፤ አንጀቴም አረረ። እሳቸው ብቸኝነታቸውን የሚያስታምሙት በእኔ ሚስት ቀን ነው።

በመጨረሻ ዘ ሄግ፣ አንድ ጠባብ ሱቅ ገባን። ሻጩ ከመደርደሪያው ያወጣው ሽጉጥ መልኩ የደበዘዘ፣ የእንጨት እጀታው ከዘመን ብዛት በአንድ ሰው መዳፍ የለሰለሰ ነበር። ውስጡን አየሁ፤ ጥርት ያለ ነው። የተሸካሚውን ብረት ማዕዘን ሁሉ በመብራት ፈተሽኩ፤ ስንጥቅ የለም፣ የሞረድ ምልክት የለም። ሽማግሌው ወዘወዙት፣ ዳሰሱት፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው ቃታውን አዳመጡ። ፊታቸው ፈካ። ከዚያ መልሰው አስቀመጡትና፣ «እስኪ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰን እናየዋለን» አሉ።

«ኔ!» አልኩ።

ሻጩ ቀና አለ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «ይሄ ነው! ማንም አልነካካውም። ስንጥቅ የለውም። ዛሬ ይገዛል!»

ሽማግሌው ወደ ድምፄ ዞረው ሳቁ። «አንተ ካልክ ይሁን» አሉ። የፖሊስ ፈቃዱ እስኪመጣ ሽጉጡ ሻጩ ዘንድ ቆየ። ሮተርዳም ስንደርስ ግን ሳልጠይቃቸው ወደ ላይ ወጥተው የሚስታቸውን ዕቃ ማውረድ ጀመሩ። የሟቿን ኮቶች በክንዴ ታቅፌ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመጋዘን ሥራ ነበር። እሳቸው ይሞርዳሉ፣ ይቀርጻሉ፤ እኔ መብራት እይዛለሁ። ማታ ማታ ሽጉጡ ከብረት ሣጥን ገብቶ ይቆለፍበታል። ይህ ሣጥን አጽናናኝ። መጋዘኑ ጓሮ ነው፣ ሣጥኑ መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ ሚስቴ የሽጉጡን መኖር እንኳ ሳታውቅ ትኖራለች ብዬ አሰብኩ።

መጣች። ከአውሮፕላን ጣቢያው ሽማግሌው በመኪናቸው አመጡን። ከስታ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቀችም። ቤት ስንገባ የሽማግሌው ሳሎን በር ክፍት ነው፤ ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ለብሷል፤ አበባ አለ፣ ኬክ አለ። መሃል ላይ፣ በቢጫ ጨርቅ ላይ፣ ሽጉጡ። አዲስ እጀታ ገብቶለት፣ ተወልውሎ፣ ሥራው አልቆለት። ለእንግዳ የሚያሳዩት ከዚያ የበለጠ ነገር አልነበራቸውም።

በሩ ላይ ቆመች። ፊቷን እኔ ነኝ ያየሁት፤ የሽማግሌው ዓይን ሽጉጡ ላይ ነበር። እየሳቁ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና በደች አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን ይላሉ?» አለችኝ።

እንኳን ደህና መጣሽ ይሉሻል የሚለው መልስ ምላሴ ላይ ነበር። ሽማግሌው ግን አንዴ እኔን፣ አንዴ ሽጉጡን በጣታቸው እያሳዩ ደገሙት። አስተርጓሚ አያሻውም።

«እሱ ነው የመረጠው፣ ነው የሚሉት» አልኳት።

ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። የተቆረሰላትን ኬክ ሽጉጡን ሳታይ በላች፣ አመሰገነች። ከዚያ ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ ወጣች።

የከተማው ቤት ወረፋ ደርሶን ከዚያ እስክንለቅ ብዙ ጊዜ ኖርን። የጠዋት ሰላምታ አላስታጎለችባቸውም፤ ሲታመሙ ሾርባ ሠርታ አውርዳላቸዋለች። ልብሷን ግን ከሻንጣው አውጥታ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አልሰቀለችም።