ጎበዞቹ የፕላዝማ ተማሪዎቼ

ጌዶ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን መጣና ከመምህርነት ወደ ሪሞት ያዥነት አሳደገኝ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ የእኔ ሥራ በሰዓቱ መክፈትና በሰዓቱ መዝጋት ሆነ።

የፕላዝማዋ መምህርት ማንንም አትጠብቅም። ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ወደ ኋላ ትቆጥራለች፤ ስታበቃ መምህርቷ ፈገግ ብላ "ጎበዞች! ልክ ናችሁ!" ትላለች። ከስልሳ ተማሪ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ግማሾቹ ጥያቄውን ገልብጠው እንኳ አልጨረሱም። እኔ በኦሮምኛ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እሷ ሌላ ርዕስ ጀምራለች። ዳይሬክተራችን ደግሞ ወላጆችን ሰብስበው "ልጆቻችሁ በየቀኑ በሳተላይት እየተመሰገኑ ነው" ብለው አስጨበጨቡ።

አንድ ቀን በክፍለ ጊዜው መሀል መብራት ጠፋ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁ። ቀላል የክፍልፋይ ድምር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና "እስቲ ማን ይመልሳል?" አልኩ።

ዝም።

በኦሮምኛ ደገምኩት። አሁንም ዝም። የገረመኝ ፊታቸው ላይ ፍርሃትም እፍረትም አለመኖሩ ነው፤ እጃቸውን አጣጥፈው በትዕግሥት ያዩኛል። እኔም ግትር ነኝና ጠበቅኋቸው።

በመጨረሻ ከፊት የተቀመጠችው፣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ልጅ አዘነችልኝ መሰለኝ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሰዓቱ እኮ አልቋል። 'ጎበዞች' ይበሉንና እንለፍ።"