የጋሼ ጡሩምባ

ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ ኦቶራይ የሚባለውን ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ሲነዳ ኖረ። ድሬዳዋ ሊገባ ሲል ጡሩምባውን አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር አድርጎ ይነፋ ነበር። ያኔ ባለቤቱ እትዬ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ቤታችን ሆና፣ "መጣ!" ትልና የእግሩን ውሃ ትጥዳለች።

በቀበርነው ማግስት ባቡሩን የተረከበው ጓደኛው ያንኑ ጡሩምባ ነፋ። እትዬ ከለቅሶው ፍራሽ ብድግ ብላ ውሃ ጣደች። ልናስቀምጣት ብንል እንቢ አለች። ውሃው ፈልቶ ፈልቶ ነጠፈ።

ሮጬ ለገሃር፣ የከተማችን ባቡር ጣቢያ፣ ሄድኩ።

"አቦ፣ ሁለተኛ እንዳትነፋ!" አልኩት ሾፌሩን።

"ወላሂ፣ ለክብሩ ብዬ ነው" ብሎ አለቀሰ።

በነጋታው ባቡሩ ዝም ብሎ ገባ። እትዬ ግን ባዶውን ድስት ታቅፋ በር ላይ ቆማለች።

"ዛሬስ ምነው ዘገየ?" አለችኝ።